ውስጡን ለቄስ

ሶፋዬን አረድኩት። ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎን መሀል ገልብጬ አስተኛሁትና በወጥ ቤት ቢላዋ ከጀርባው በኩል ሆዱን ቀደድኩት። አሥራ አንድ ዓመት ቤታችንን ሞልቶ የኖረ ሶፋ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ኧረ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ» እያልን የምንሽቀዳደምለት፣ እንግዳው ሲሄድ በነጭ ጨርቅ የምንሸፍነው፣ እኛ ራሳችን ግን ተደላድለን ያልተቀመጥንበት ሶፋ። የፈለግሁት ስፖንጁን ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ በቅርቡ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ከቤት ወጥታለች። ስቱዲዮ ናት። ስቱዲዮ የምትባለዋን ቤት ያላያችሁ ካላችሁ፣ አልጋችሁ ላይ እንደተጋደማችሁ ሽንኩርት ማቁላላት የምትችሉባት ቤት ናት። አልጋ ሥር ሻንጣ አለ፤ ሻንጣው ላይ ጫማ አለ፤ ጫማው ላይ መጽሐፍ አለ። እንግዳ ሲመጣ አንዱ አልጋ ላይ፣ ሌላው የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ሦስተኛው ቆሞ ነው የሚጫወተው። «አባዬ፣ መቀመጫም ዕቃ ማስቀመጫም የሚሆን ነገር ብትፈልግልኝ» አለችኝ። ክዳኑ የሚነሳ፣ ውስጡ ሣጥን፣ ላዩ በስፖንጅና በጨርቅ የተለበጠ በርጩማ ማለቷ ነው።

ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አለ። ሞልቷል። ከፋይ የለበሰ፣ በወርቃማ ምስማር ዙሪያውን የተጌጠ፣ እንደ ሙሽራ የሚያብረቀርቅ። የአንዱን ክዳን ብድግ ሳደርገው ግን ማጠፊያው ከነብሎኑ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ሻጩ አልደነገጠም። «ችግር የለውም ጋሼ፣ በማስቲሽ እንለጥፈዋለን» አለኝ። ቺፑድ ነው። ቺፑድ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጋግሮ እንደ ቂጣ የተጠፈጠፈ ነገር ስለሆነ፣ ብሎን አንዴ ከላላበት መልሶ አይጨብጥም። ለመደርደሪያ ይሁን፤ በቀን አምስት ጊዜ ለሚከፈት ክዳን ግን አይሆንም። ሻጩ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ዋጋውን ሲነግረኝም ዓይኑን አላሸም።

እኔው እሠራዋለሁ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

እንግዲህ ወደ ሶፋው ልመለስ። ላዩ ቡናማ ከፋይ ነው፤ አሁንም ምንም አይወጣለትም። ከፋዩን ገልጬ ስገባ ስፖንጅ አገኘሁ፤ ከጣት የማይወፍር፣ ዳር ዳሩ እንደ ድርቆሽ እንጀራ የሚፈረፈር። ከስፖንጁ ሥር ጆንያ። ከጆንያው ሥር የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት፣ ከወረቀቱ ሥር ደግሞ ጭድ። አዎ፣ ጭድ! አጥንቱ ከነልጣጩ የተመታ፣ መላጊያ የሚባል ነገር በዞረበት ያልዞረ ባሕር ዛፍ ነው። ክንዱ አልደርስ ባለበት በኩል አንድ የብስኩት ካርቶን አራት ላይ ታጥፎ ተወትፏል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ክንዴን ያሳረፍኩት፣ መጽሐፌን ያስደገፍኩት፣ ይህን ጋዜጣ ያነበብኩት ብስኩት ካርቶን ላይ ኖሯል።

«ውስጡን ለቄስ» የሚል አባባል አለን። ውጪው ለሰው፣ ውስጡ ለንስሐ አባት። ሰው ስለ ኑሮው ሲጠየቅ «ተወኝ፣ ውስጡን ለቄስ» ይላል፤ ሌላው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። በትዳር፣ በሹመት፣ በባንክ ብድር በተከፈተ ንግድ ላይ ሁሉ ስንለው ኖረናል። እኔ ግን ቃሉ ለሶፋ የተፈጠረ መሆኑን እስከዚያች ቅዳሜ አልተረዳሁም።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ሥራዬ የሰው ድርሰት ገልብጦ ማየት ነበር። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ጥራዙን ነው፤ ሽፋኑ ጠንካራ ጥቁር፣ ፊደሉ ወርቃማ። ያንን ጥራዝ የሚሠሩት ሰዎች፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ከነሙያቸው ነው። ስገልጠው ግን ስንቱን ጊዜ ጆንያና የሲሚንቶ ወረቀት አግኝቻለሁ! ከሌላ ሰው ጽሑፍ የተገነጠለ አንቀጽ፣ አራት ላይ ታጥፎ የተወተፈ ጥቅስ፣ ከነልጣጩ የተመታ ሐሳብ። ተማሪውን እቆጣለሁ። ተቆጥቼም ቤቴ እሄድና ሶፋዬ ላይ እቀመጣለሁ።

ሥራውን ልንገራችሁ። ከሠራሁት ይልቅ ያበላሸሁት ይበዛል።

ዕቅዱ ቀላል ነው። ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 36 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን። ክዳኑ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ሲጨመር ጠቅላላ ከፍታው 43 ገደማ ይመጣል፤ ይህ ለአዋቂ ሰው ጉልበት የሚመች የወንበር ልክ ነው። ከዚያ ካነሰ ከቡና ጀበና ጋር የሚሄደው በርጩማ ይሆናል፤ ከዚያ ከረዘመ እግር ይንጠለጠላል። እንጨቱን ኮምፔንሳቶ አደረግሁት፣ ባለ 18 ሚሊ ሜትሩን። ኮምፔንሳቶ ስስ ስስ ልጣጭ አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ፣ የአንዱ ቃጫ ወዲህ፣ የሌላው ወዲያ እየሆነ ስለሚጣበቅ አይሰነጠቅም፤ ብሎንም ይጨብጣል። ሙሉው ጠፍጣፋ 244 በ122 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ግማሹ ለአንድ በርጩማ በቅቶ ይተርፋል።

የምወደውስ ዋንዛ ነበር። ዋንዛን አንዴ የላገ ሰው ሽታውን አይረሳውም። የጅማ ሰዎች ያንን ሦስት እግር በርጩማቸውን ምስማርም ኮላም ሳይነካው ከአንድ ግንድ ፈልፍለው የሚያወጡት ከእንዲህ ዓይነቱ እንጨት ነው። ግን በርጩማው ሞልቶ ዛፉ አለቀና በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከዝግባ፣ ከጥድና ከኮሶ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎት ነበር። ስለዚህ ኮምፔንሳቶ። ፈረንጅ የፋቀውን እንጨት ማለት ነው።

አራቱን ግድግዳ ቆረጥኩ። እያንዳንዳቸው በትክክል 40 በ36። በእጅ መጋዝ፣ በረንዳ ላይ፣ ላቤ በአፍንጫዬ እየተንጠባጠበ። ስኳድራ አስጠግቼ ማዕዘኑን አየሁት፤ ልክ ነው። ኮላ ቀባሁ፣ ገጠምኩ፣ በብሎን አሰርኩ። ከዚያ ወለሉንና ክዳኑን ላስቀምጥ ብል… ሣጥኑ አራት ማዕዘን መሆኑ እርግጥ ነው፤ ግን አንዱ ጎን 40 ሆኖ ሌላው 43.6 ሆኗል። ክዳኑ በአንድ በኩል በሦስት ጣት ያህል አጠረ። ሜትሩን ተጠራጠርኩ። ኮምፔንሳቶውን ተጠራጠርኩ። ሻጩን ሳይቀር ረገምኩ። ኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላ ገባኝ፤ የጣውላውን ውፍረት ረስቼዋለሁ። ሁለቱ ግድግዳዎች በሌሎቹ ሁለቱ ጫፍ ላይ ሲለጠፉ ውፍረታቸውን፣ 1.8 እና 1.8፣ ይዘው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ሁለቱ 40፣ ሁለቱ 36.4 መሆን ነበረባቸው። የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። የእኔ ሣጥን የተሠራው ወረቀት ላይ ስለነበር፣ ወረቀት ደግሞ ውፍረት ስለሌለው፣ ከዚህ ስሌት ጋር ተገናኝቼ አላውቅም።

ፈትቼ እንደገና ቆረጥኩ። ሦስት ቅዳሜና እሑድ ወሰደብኝ።

ታዲያ ያ ሁሉ ሲሆን በረንዳዬ ከመንገድ ይታያል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጎረቤታችን በሩን ከፍተው አዩኝ። የተከበሩ ሴት ናቸው፤ ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው። «ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ምነው ሰው አጡ እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ ደህና ነኝ፤ ለልጄ በርጩማ እየሠራሁ ነው።» «እ…» አሉና ትንሽ ቆዩ። ማታ ለባለቤቴ ደወሉላት። ችግር ካለ እንዳንደብቃቸው፣ ጎረቤት ማለት ለዚህ እንደሆነ ነገሯት። በሁለተኛው ቅዳሜ የግቢው ዘበኛ መጋዙን ከእጄ ሊቀበለኝ መጣ። «ይተዉት ጋሼ፣ ያስተዛዝባል» አለኝ። ማን ማንን እንደሚታዘብ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም፤ ገብቶኛላ።

በዚህች አገር አንድ የተማረ ሰው መጋዝ ይዞ ከታየ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ቸግሮታል፣ ወይ ለይቶለታል። ከከንፈር መምጠጥ ውጪ ሦስተኛ መንገድ የለም። ቃላችንን ተመልከቱት። «ባለ እጅ» ብለን የሰደብን ሕዝብ ነን እኮ! ቃሉን አስቡት እስቲ። እጅ ያለው ሰው ማለት ነው። ታዲያ ሰዳቢው ምን ኖሮት ነው? ብረት የቀጠቀጠውን፣ ሸክላ ያነሳችውን፣ ቆዳ ያለፋውን «ቡዳ ነው» ብለን ከማኅበርና ከጋብቻ አስወጣን። ከዚያም እሱ በሠራው ማረሻ አረስን፣ እሷ በሠራችው ድስት በላን። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ጸሐፊው፣ ገበሬው ሁሉ በየሙያው የወጣለትን ስድብ ንጉሡ ራሳቸው ዘርዝረውታል። አዋጁን ለተማሪዎች ሳስነብብ ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ነገር ነበር፤ ሁሉም ከተሰደበ ያልተሰደበው ማን ኖሯል? መልሱ ግን አያስቅም። ያልተሰደበው ተቀምጦ የሚበላው ነው።

ነገሩ ከአዋጁ በኋላም አልለቀቀንም። በ1990ዎቹ የአሥረኛ ክፍል ውጤት ያልመጣለት ልጅ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላክ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ አሠራሩ ግን ቅጣት ሆነ። «አርፈህ ካላጠናህ ቴክኒክ ትገባለህ!» ብሎ ያላስፈራራ ወላጅ እጁን ያውጣ። እኔም ብያለሁ። እንዲህ አስፈራርተን የላክነው ልጅ አድጎ ሶፋ ሠሪ ሲሆን፣ ከነልጣጩ የተመታውን ባሕር ዛፍ በከፋይ ሸፍኖ ቢሸጥልን ለምን እንደነግጣለን?

ስለ ወንበር ደግሞ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ትምህርቴ ይወቅሰኛል። ቋንቋችን መቀመጫን ያከብራል። በቀድሞው ዘመን ዳኛው ራሱ «ወንበር» ይባል ነበር። የቤተ ክህነት ሊቅ ጉባኤ ሲያቆም «ወንበር ዘረጋ» ይባልለታል። ሥልጣንም ወንበር ነው፤ ወንበር ይዟል፣ ወንበሩ ተነቃንቋል እንላለን። ይህን ሁሉ ቃል ስናወጣ ወንበሩን ላነጸው ሰው ያወጣንለትን ደግሞ ከላይ አይታችኋል። ሳስተምራቸው በኖርኳቸው ልቦለዶችም ውስጥ ይኸው ነው። ጀግናው ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ተስፋ ሲቆርጥ ወንበሩን ይወረውራል፤ ወንበሩ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ድርሰት ውስጥ ቄስ አለን፣ ፊታውራሪ አለን፣ ጸሐፊ አለን፣ የሚፋቀር ሰው እንደ ጉድ አለን። እንጨት ሲልግ አንድ ገጽ ሙሉ የምናየው ሰው ግን ብዙ አላገኘሁም። ሐያሲ ሆኜ ይህን ጉድለት አንድ ቀን አንስቼው አላውቅም። ከዚህ በታች የማነሳው ነገር ስለነበረብኝ ይመስለኛል።

አጎቴ አናጢ ነበሩ። ደብረ ማርቆስ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ጣሪያው በቆርቆሮ የተከፈለች ሱቅ ነበረቻቸው። ክረምት ክረምት እሳቸው ዘንድ እላክ ነበር። ቀረፉን እጠርጋለሁ፣ ኮላ አሞቃለሁ፣ ሲፈቅዱልኝ በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ። አንድ ቀን የጠረጴዛ ገበታ ገልብጠው ከሥሩ ሲልጉ፣ ደክሞኝ ነው መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ ይህን ከሥሩ ማን ያየዋል?» አልኳቸው። መላጊያውን ሳያቆሙ፣ «ልጅ ያየዋል። ልጅ ጠረጴዛ የሚያውቀው ከሥሩ ነው» አሉኝ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ማስተማር እንደጀመርኩ፣ እኚህ አጎቴ የመጻሕፍት መደርደሪያ ሠሩልኝ። የዋንዛ። አውቶቡስ ጭነው፣ ከአውቶቡስ ተራ በወያላ አሸክመው፣ እማስተምርበት ግቢ ድረስ ራሳቸው አመጡት። ቢሮዬ በር ላይ ስንገናኝ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ነበርኩ። አጎቴ የሥራ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ነው፤ እጃቸው ላይ የኮላ ነጭ ነጭ አለ። አንደኛው ባልደረባዬ «ማናቸው?» አለኝ። እኔም «ዕቃ አምጥተውልኝ ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ዕቃ አምጥተዋል። ሰምተውኛል። ዕቃውን እንዳመጣ ሰው መደርደሪያውን ጥግ አስይዘው፣ በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው መቆሙን አዩና «በሉ ደህና ዋሉ» ብለውን ሄዱ። «በሉ» አሉ፤ «በል» አላሉኝም። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ተገናኝተናል፣ አንድ ቀን አላነሱብኝም። አፈር ከሆኑ አሥራ ሦስት ዓመት ሆናቸው።

መደርደሪያው ዛሬም አለ። ከሥሩ የተላገ ነው። አይቼዋለሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ የቀረኝ ማልበሱ ነበር፤ እንዴት እንደሚለበጥ ስለማላውቅ መርካቶ፣ ሶፋ የሚያለብሱ ልጆች ዘንድ ሄድኩ። የልጅ አዋቂ የሆነ፣ ሠላሳ ያልሞላው ሰው ተቀበለኝ። ጥሩ ስፖንጅ እንድመርጥ አስተማረኝ፤ በጣት ተጭነህ ስትለቀው ቶሎ የሚመለሰውን፣ ሲያነሱትም ከበድ የሚለውን። (ከሶፋዬ ያወጣሁት ለምንም አልሆነም፤ ድመታችን ወርሳዋለች።) ክዳኑ ላይ አራት አምስት ቀዳዳ እንድበሳ ነገረኝ። ሰው ሲቀመጥ ስፖንጁ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ካጣ ጨርቁን ይወጥረውና ከጊዜ በኋላ ስፌቱን ይተረትረዋል። ጨርቁን 62 በ62 አድርጌ እንድቆርጥ አሰላልኝ፤ 40 ለክዳኑ፣ የቀረው ለስፖንጁ፣ ለጣውላው ውፍረትና ከሥር ለሚታጠፈው። ውፍረቱን አልረሳም! መምቻው ላይ ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ከጥግ አይጀምሩ። የአራቱን ጎን መሀል መሀሉን አንድ አንድ ይምቱ፣ ከዚያ ፊት ለፊት እያቀያየሩ ወደ ጥግ ይሂዱ። አንዱን ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው ከዞሩ ጨርቁ ይሸሽብዎታል። ጥጉን መጨረሻ ላይ እንደ ፖስታ ያጥፉት።» እንዲህ አድርጎ በአሥር ዓረፍተ ነገር የሚያስረዳ መምህር በሕይወቴ ብዙ አልገጠመኝም።

ስለ ሶፋዬ አጫወትኩት። ልቆጣው፣ ቢያንስ ላሳፍረው ፈልጌ ነበር። ጭዱን፣ ከረጢቱን፣ ብስኩት ካርቶኑን ዘረዘርኩለት። ሳቀ። «ጋሼ፣ ሲገዙት ገልብጠው አይተውታል?» አለኝ።

«አላየሁም።»

«ምኑን አዩ?»

አሰብኩ። ከፋዩን በእጄ ዳሰስኩ። ቀለሙ ከመጋረጃው ጋር ይሄዳል ወይ ብዬ ባለቤቴን ጠየቅኋት። ሁለቴ ነጠር ነጠር ብዬ ተቀመጥኩበት። ከዚያ በዋጋ ተከራከርኩ፤ አስወረድኩ፤ አስወርጄም ጎበዝ ነኝ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

«ያስወረዱትን ከየት ያመጣዋል ታዲያ?» አለኝ። «ከጨርቁ ላይ አይቀንስ፤ ጨርቁን ያዩታል። ከውስጡ ነዋ! እኔ በላገ እንጨት ልሥራልዎ ብል፣ ጎኔ ያለው ባላገ እንጨት ሠርቶ በግማሽ ዋጋ ይሰጥዎታል። ከማን ይገዛሉ? እስካሁን ገልብጦ የጠየቀኝ ሰው አላየሁም። አንዲት እናት ብቻ አሉ፤ እሳቸውም ትኋን ሲፈልጉ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። አጭበርባሪውን ነጻ ላወጣው አልፈልግም፤ ጭድ ጭድ ነው፣ ስፖንጅ ብሎ ጭድ የሸጠ ሰው አታልሏል። ግን ይህ ልጅ ከአታላዩ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ሁለቱን መለየት የሚችል ደንበኛ ይጠብቃል። ያ ደንበኛ እኔ ነበርኩ። ሥራዬም መለየት ነበር።

ቤቴ ተመልሼ ክዳኑን እንዳዘዘኝ ለበጥኩት። መሀል፣ መሀል፣ መሀል፣ መሀል፤ ከዚያ ወደ ጥግ። ሦስቱ ጥግ አማረ። አራተኛው ላይ ጣውላውን ስቆርጥ መጋዙ ሸሽቶብኝ ኖሮ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጎድሏል። ልጠግነው እችል ነበር፤ ቁራጭ እንጨት፣ ትንሽ ኮላ፣ የአንድ ሌሊት መጠበቅ። ሰዓቱ መሽቷል፤ ልጄ ነገ ትመጣለች። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? የስፖንጅ ቁራጭ ወተፍኩበትና ጨርቁን ጎትቼ ሸፈንኩት። አይታወቅም። እኔ ራሴ በጣቴ ካልተጫንኩት አላገኘውም። ስቴፕለሩን እንደያዝኩ ትንሽ ቆየሁ። የሶፋዬ ሠሪ ያን ካርቶን ሲያጥፍ ምን ሰዓት እንደነበር፣ ማን እየጠበቀው እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩ።

እሑድ ጠዋት የድሮ ባልደረባዬ ለጉዳይ ጎራ አለ። በርጩማው ሳሎን መሀል ተቀምጧል። ዞር ዞር ብሎ አየው፣ ተቀመጠበት፣ ክዳኑን አነሳው። «ይህቺ ነገር ታምራለች፣ ከየት አገኘሃት?» አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ስለ ሥራ ክቡርነት በልቤ ስሰብክ የከረምኩት ሰውዬ፣ አፌን ከፍቼ ምን አልኩ? «ከሱቅ ነው፤ የውጭ ሳይሆን አይቀርም።» ከወጥ ቤት ባለቤቴ ብቅ ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። ባልደረባዬም «ገባኝ፣ የውጭ መሆኑ ያስታውቃል» ብሎ አመነ። ጎደሎዋን ጥግ አላገኛትም። አጎቴን «ዕቃ አምጥተው ነው» ካልኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኝ፣ ይኸው ደገምኩት፤ በዚህኛው ዙር የካድኩት ራሴን ነው።

ማታ ደወልኩለት። «ስማ፣ ያቺን በርጩማ የሠራኋት እኔ ነኝ» አልኩት። ዝም አለ። ቀጥሎ፣ «ምነው፣ ቤት ውስጥ ችግር አለ እንዴ?» አለኝ።

ልጄ በርጩማውን ወስዳዋለች። ብርድ ልብስ፣ ሁለት ጥንድ ጫማና የእናቷን የቡና ስኒ ይዟል። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄጄ ተቀመጥኩበት፤ አይነቃነቅም። ስሠራው ግን ሲነቃነቅ ነበር፤ አንዱ እግሩ ይነሳ ነበር። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁ። አራት ላይ የታጠፈ ጋዜጣ ገብቶበታል። ስቤ አወጣሁት። የእኔ ዓምድ ነው።

«አባዬ፣ ልክ መጣልኝ እኮ» አለችኝ። መለስኩት።